በኑኑ ቁምባ የቆረጥኩት ገመድ

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ነቀምቴ

ከተማው ሳይነቃ በሦስት በቅሎ ወጣን። ባሕር ማዶ ለምማርበት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ ልሠራ ነው የመጣሁት። ርዕሴ የወለጋ ገበሬ መሬቱን እንዴት እንዳገኘና እንዴት እንዳጣ ነው። የሚነግረኝ ሰው ካጣሁ ጽሑፍም የለ፣ ዶክተርነትም የለ።

አስተርጓሚዬ ኦቦ ገመቹ ጸጉራቸው የሸበተ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ የቀድሞ መምህር ናቸው። ከመጀመሪያው አላመንኳቸውም። ትናንት ገበያ ውስጥ ለጭነት የሚሆን ረጅም አዲስ ገመድ በስሙኒ ስገዛ ዓይናቸውን ገመዱ ላይ ተክለው ቆዩና የቆዳ ጠፍር ይሻል እንደነበር ነገሩኝ። ጠፍር የሚሸጥ ዘመድ ቢኖራቸው ነው ብዬ ገመዱን ይዤ ሄድኩ።

ዓርብ፣ አርጆ

ቀይ ጭቃ፣ ዋንዛ፣ የኑግ ማሳ፣ እንደገና ጭቃ። አርጆ ከፍታ ላይ ናት፤ ነፋሷ አጥንት ይገባል። ያሳደሩን ሰዎች አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር በቅቤ አቀረቡልን፣ ጣቴን እስክልስ በላሁ። ሰላምታቸውም አያልቅም፤ "አካም ጅርቱ" ብለው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ በቅሎዬ ሳይቀር ጠየቁኝ። የመሬት ነገር ሳነሳ ግን ፊታቸው ተዘጋ። አንዱ ሽማግሌ ከአባቴ ወረስኩ አሉ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ያንኑ አሉ። ማን ተነቀለ ብዬ ስጠይቅ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል።

ጥያቄዬ በኦሮምኛ ሲነገር ይረዝማል፤ መልሱ በአማርኛ ሲመለስ ያጥራል። መሀል ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? ኦቦ ገመቹ ሰዎቹ እንዳይነግሩኝ ቀድመው መልእክት ልከውስ ቢሆን? በንዴት እንቅልፍ አጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኑኑ ቁምባ

ጭነቱን ስናወርድ ሰው ተሰበሰበ። እኔን የሚያይ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ገመዱን ነው። የሰፈሩ ታላቅ ሽማግሌ፣ ኦቦ ዲንሳ ልበላቸው፣ ቀስ ብለው መጡና የገመዱን ጫፍ አንስተው በክንዳቸው ይለኩ ጀመር።

"ኢልመኮ፣ ልጄ፣" አሉኝ ራሳቸው በአማርኛ፣ "ስንት ጋሻ መሬት ልትወስድ መጣህ?"

ኦቦ ገመቹ ናቸው ነገሩን የፈቱልኝ። ከዓመታት በፊት እንደ እኔ ትሑት የሆነ፣ እንደ እኔ ለጥናት ነው የሚል ሰው መጥቶ ጠይቆ ሄዷል። ቀጥለው የመጡት ቃላድ ጣዮች፣ መሬት በገመድ የሚለኩት ናቸው። ከልኬታቸው የተረፈው ማሳ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠፍር ይሻላል ብዬ ነበር" አሉ። "ከዚያ በላይ እንዳልናገር፣ እርስዎስ ማን እንደሆኑ በምን አውቃለሁ?"

ለካ እሳቸውም ይጠረጥሩኝ ኖሯል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ልጡን በበቅሎ ጭኜ አገር ለአገር እዞራለሁ። ቢላዬን አውጥቼ ገመዱን ፊታቸው ቆራረጥኩት። ኦቦ ዲንሳ ቁራጮቹን ለጥጃ ማሰሪያ ይሆናሉ ብለው ለጎረቤቶቻቸው አደሉ፤ ለጭነቴም አሮጌ ጠፍር ሰጡኝ። ከዚያ ተቀመጡ።

"እንግዲህ ጠይቅ። ስማችንን ግን አትጻፍ።"

እሳቸው ዛሬ በአባታቸው ማሳ ላይ ጭሰኛ ናቸው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሳምንቱን እዚያው ሰነበትኩ።

ሰኞ፣ እንደገና ነቀምቴ

ፈቃድ የሰጠኝ ሹም ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይም አዘዘልኝ። ማን ምን እንዳለ ስም በስም እንድነግረው ፈለገ። ለጥናት ብቻ ነው አልኩት።

"እኛም ለጥናት ነው" አለና ሳቀ።

ሰዎቹ ስማቸውን አልነገሩኝም ብዬ ዋሸሁ። አላመነኝም። እኔም ሻዩን አልጠጣሁትም።

በመጨረሻ፣ ባሕር ማዶና ቤት

ፈታኞቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው የኑኑ ቁምባን ምዕራፍ ደጋግሞ ገለጠና እንዲህ አለኝ፤ "አንድም ስም የለበትም። እነዚህን ሽማግሌዎች ራስህ ፈጥረሃቸው እንዳልሆነ በምን እንመን?"

ስም ብጠራ ከሁሉ ቀድሞ የሚያነበው ያ ሹም እንደሆነ አውቃለሁ። አልጠራሁም። ምዕራፉን አስወጡት፤ በተረፈው ዶክተር አሉኝ። አገሬ ስገባ እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ደገሰችልኝ። ወለጋ ምን ሰማህ እያለ የሚጠይቀኝ እንግዳ ብዙ ነበር። አንዳንዱን አላውቀውም። ስለ ዝናቡ አወራኋቸው።