ልቡ ያላረፈው ልብስ ሰፊ

የወረታው ልብስ ሰፊ መሐመድሰዒድ በወጣትነቱ ጨርቅ ሊገዛ ባሕር ዳር ወርዶ ጣናን ካየ ወዲህ ወረታ ጠበበችው። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ስፌቱን አቁሞ በዓይኑ ይሸኛል። በ1970 ክረምት ርብ ወንዝ ሞልቶ ቤቱ ውኃ ሲገባበት ሚስቱን ዘሊካን፣ «ከውኃ ጋር መኖራችን ካልቀረ ሐይቁ ዳር ሄደን እንኑር» አላት። የስፌት መኪናውን ጭነው ሄዱ።

ከተማዋ እንዳሰባት ነበረች። መንገዱ ዘንባባ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል። የሠፈሩ ሽማግሌዎች ቦታው ጥቂት የሣር ጎጆዎች ብቻ የነበሩበትን ዘመን ያወጉታል። ዘሊካ ሱቅ ከፍታ ወዳጅ አፈራች። እሱ ግን መቀመጥ አቃተው። መናኸሪያ እየሄደ ከወረታ የመጣ መንገደኛ ይፈልጋል፤ «ውኃው ጎደለ? ሽምብራው ተዘራ?» እያለ ይጠይቃል።

አንድ ቀን የወረታው ደንበኛው ቄስ ወልደ ሥላሴ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አገኛቸው።

«አንተ ከሄድክ ወዲህ ካባዬን የሚጠግንልኝ አጣሁ» አሉት።

«አይጨነቁ አባ፣ እኔው እመጣለሁ።»

ማታ ለዘሊካ ሲነግራት፣ «አንተ ሂድ፤ እኔ ግን ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለችው።

በማግሥቱ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላውም ሐይቁ ናፍቆት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከወሩ ገሚሱን ወረታ እየሰፋ፣ ገሚሱን ባሕር ዳር እየኖረ ዓመታት አለፉ።

«ለመሆኑ ልብህ የሚያርፈው የት ነው?» አለችው ዘሊካ አንድ ቀን።

አሰበና፣ «መንገድ ላይ፣ እኩሌታው ላይ ሐሙሲት ስደርስ» አላት።