የወንድሜን ትምህርት ስመርጥ

ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ እየተማረ ሳለ ታመመ። ዘነበወርቅ ሆስፒታል በተኛበት ክረምት ዓይኑ ስለደከመ መጽሐፎቹን የማነብለት እኔ ነበርኩ። ያልገባኝ ቦታ ላይ አስቁሞ ያስረዳኛል። የሽንኩርት ዋጋ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ሲነግረኝ ሕመሙን የረሳ ይመስል ነበር። መስከረም ሳይጠባ አረፈ።

ጊዜው ደርሶ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የመጀመሪያው ዓመት አልቆ ትምህርት ክፍል የምንመርጥበት ሰሞን፣ ቀራንዮ ቤታችን መጥቼ ኢኮኖሚክስ ልመርጥ መሆኑን ለአባቴ ነገርኩት።

«እሱ የወንድምሽ ነበር» አለኝ። «አንቺ የራስሽን ምረጪ፣ ልጄ።»

«የራሴም ነው፣ አባዬ» አልኩት። ከልቤ ነበር ያልኩት። ማታ ስተኛ ግን የማን ፍላጎት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ቢሆንም መረጥኩት።

ምደባው ወጥቶ ኢኮኖሚክስ እንደደረሰኝ የነገርኳት ቀን እናቴ አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ በወንድሜ ስም ጠርታኝ «እንኳን ደስ ያለህ» አለች። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ላርማት አፌን ከፍቼ ፊቷን ሳየው ተውኩት።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን፣ እማዬ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ እንዲያ ትጠራኛለች። እኔም አቤት እላለሁ።