አባ ምክንያቱና የሚስቱ ዓይን

መካኒኩን በማተሚያ ቤቱ ሁሉም «አባ ምክንያቱ» ነበር የሚለው። ማሽን ቀጥ ባለ ቁጥር ሌላው መካኒክ መፍቻ ይዞ ሲንደረደር፣ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ «ቆይ፣ ምክንያቱ ምንድን ነው?» ይላልና። ዘዴው አንዲት ነበረች፦ አንድ ነገር ቀይር፣ ጠብቅ፣ እይ። ሃያ ስድስት ዓመት አላሳፈረችውም።

ሚስቱ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ከሰዓት ጠረጴዛው ዳር ያለውን መቀስ አጥታ ቤቱን አተራመሰችው።

«እጅሽ ሥር ነው እኮ!» ብሎ ሳቀባት። ወዲያው ግን ነገሩ ገባኝ አለ፤ ብርሃኑ ነው። አምፖሉን ቀየረ።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፤ ይሻላል።»

ከወር በኋላ የበሩ መቃን ግንባሯን መታት። እሱም ጎንበስ ብሎ መዋል ያዞራል አለና ወንበሩን ከፍ አደረገው። ተሻላት። ቀጥሎ መነጽር ገዛላት። አሁንም ተሻላት። ደህና የዋለችበትን ቀን ሁሉ ለመካኒኮቹ ያወራል፤ ደረጃ የሳተችበትን ቀን ግን «ቸኩላ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ልጃቸው ለጥየቃ ስትመጣ እናቷ ብርጭቆውን ትታ አየር ስትጨብጥ አየች።

«አባዬ፣ ሐኪም ያያት እንጂ!»

«መጀመሪያ ምክንያቱን እንወቅ። ሐኪሙም የሚጠይቀኝ እሱኑ ነው።»

እንዲህ ሲባል ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። በመጨረሻ ልጅቷ አባቷን ሳታማክር ወሰደቻት፤ እሱም ከኋላ ተከተለ። ሐኪሟ ረጅም ሰዓት መረመረቻትና ወደ እሱ ዞረች።

«የዓይን ግፊት ነው። ነርቩን ቀስ በቀስ ጨርሶታል። ለቀረችው ጭላንጭል ጠብታ እሰጣለሁ፤ የሄደው ግን አይመለስም።»

«ታዲያ አምፖሉን ስቀይር ለምን ተሻላት?»

ሐኪሟ ግራ ገባት። የመለሰችው ሚስቱ ናት፤ ፊቷን ድምፁ ወደመጣበት አዙራ።

«ይሻላል የምልህ እንዲያ ስትለፋ አንጀቴን እየበላኸኝ ነው እንጂ፣ አንድም ቀን ተሽሎኝ አያውቅም።»

ልጅቷ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች።

ጭላንጭሏም ክረምቱን አልተሻገረችም። ያልተሰፋውን የሰው ጨርቅ ለባለቤቶቹ ሊመልሱ መደርደሪያው ሥር ተቀመጡ። እሷ በጣቷ እየዳሰሰች ትነግረዋለች፦ «ይሄ ሱፉ የአስተማሪዋ ነው። ይሄ ገበር ያለው የጎረቤታችን።» እሱ እየተቀበለ ያጥፋል። ክምሩ ሲያልቅ እጇን ዘርግታ መደርደሪያውን ዳበሰችው።

«ሌላ አለ?»

«የለም» አላት። እጇን ግን አልሰበሰበችም፤ ባዶውን መደርደሪያ እስከ ጥጉ መዳሰሷን ቀጠለች።