የሌለው ለቅሶ

የደብረ ታቦሯ ጎረቤቴ እቴነሽ ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿም ርቀዋል። ስኳር ሲገኝባት ሐኪሙ በየቀኑ በእግሯ እንድትሄድ አዘዛት። እኛ አገር ግን ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ አይወጣም። «ወዴት ነው?» ሲባል መልስ ያጣ ወይ አእምሮው ተነክቷል፣ ወይ የሚሄድበት ሰው የለውም። እቴነሽ ይህ ሁለተኛው እንዳይታወቅባት ፈራች። ስለዚህ «ወፍጮ ቤት» እያለች ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ያለውን ዳገት ወጥታ ትመለስ ጀመር። የእኔ ጉልበት አብሯት አይወጣም።

ፊዚክስ ሳስተምር «ሥራ» የሚለው ቃል ያስቸግረኝ ነበር። ዳገት ወጥቶ ወደተነሳበት የተመለሰ ሰው በመሬት ስበት ላይ የሠራው ሲደመር ባዶ ነው። ሰውነት ግን ይህን ሂሳብ አይቀበልም። ሲወጣ ኃይል ያቃጥላል፤ ሲወርድም ራሱን ለመግታት ያቃጥላል። አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ብርዱ ውስጥ ይበተናል። ቁጭ ያለ ሰው እንኳ እንደ ድሮ አምፖል ይሞቃል። ቤተሰብ የሞላው ቤት ለምን እንደሚሞቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ በእሷም በእኔም ቤት ያለው አንድ አንድ አምፖል ነው።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ጎረቤታችን ገነት መንገድ ላይ አገኘቻት።

«ዛሬም ወፍጮ ቤት ነው እትዬ? ይህን ሁሉ ዱቄት ማን ይበላልዎታል?»

እቴነሽ ደነገጠች። «አይ፣ ለቅሶ ልደርስ ነው።»

ስሕተቷ ይህ ነበር። ወፍጮ የሚሄድ ሰላም ተብሎ ይታለፋል፤ ለቅሶ የሚሄድን ግን ማን ብቻውን ይለቃል?

«እንዲያማ ከሆነ ብቻዎን አይሄዱም» አለች ገነት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለቻት። «ማን ነው የሞተው?»

«የሩቅ ዘመድ ነው፤ አታውቂውም።»

አብረው ወጡ። ገነት ስለ ላሟ፣ ስለ ምራቷ ታወራለች። እቴነሽ ኋላ እንደነገረችኝ ድካም የሚባል አልተሰማትም፤ መንገዱ እንዳያልቅባት ብላ ግን እርምጃዋን ታሳጥር ነበር። አናቱ ላይ ሲደርሱ ገነት ዙሪያውን ቃኘች።

«ድንኳኑ የታለ?»

«የሞተ የለም ልጄ። ለስኳሬ ነው የምሄደው።»

«በሞት ይቀለዳል እትዬ? እኔኮ አባቴን እያስታወስኩ ነው የመጣሁ።» ገነት ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና ቀድማ ወረደች።

እቴነሽ መሄዱን አልተወችም። «ወዴት ነው?» ለሚላት ሁሉ አሁን «ለስኳሬ» ትላለች፤ ሰውም «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ያልፋል። ገነት ብቻ አትጠይቃትም።