ደመወዝ የገባበት ቤት

ኪቲላ ጥበቃ ሆኖ የተቀጠረ ዕለት ዱሬቲ እልል ስትል ጎረቤቱ ምን ተገኘ ብሎ ወጣ። ለሰው ሰርግ፣ ለሰው ልጅ እልል ስትል የኖረች ሴት ናት። ለራሷ ቤት እልል ስትል ግን ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ምን ታድርግ። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ መቱ ከተማ ውስጥ የቡና ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። ቡና ሲደርስ ሥራ አለ፣ ቡና ሲያልቅ ሥራ የለም። አሁን ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ አደረገው። ካፖርት ሰጡት፣ ኮፍያ ሰጡት።

«እስቲ ዙር» አለችው። ዞረ።

«ከኋላ ሲታይ አዛዥ ትመስላለህ።»

«ከፊትስ?»

«ከፊት ያው ኪቲላ ነህ።»

እሷ መናኸሪያው አጠገብ ሙዝና አቮካዶ ትሸጣለች። ስኳር በሽታ አለባት። በኪኒን የሚያዘው ዓይነት አይደለም፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ካልተወጋች አትኖርም፣ ይሄው ነው። ፍሪጅ ስለሌላት መድኃኒቷን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበረቻት ትንሽ ማሰሮ ታስቀምጣለች። ያንን መድኃኒት የምታገኘው በጤና መድህን ነው። ቡና ተሸጦ ሰው እጁ ላይ ትንሽ ነገር ሲኖር ቀበሌ ሄዳ ካርዷን ታሳድሳለች፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሆስፒታል ካርዷን እያሳየች መውሰድ ነው። የሷም፣ የባሏም፣ የልጃቸው የሰኚም ፎቶ ያለው ካርዷ ላይ ነው።

«ከአንተ ቀጥሎ ያለችኝ ዘመድ ይቺ ካርድ ናት» ትለው ነበር ኪቲላን።

«ኧረ ተይ፣ ቀጥሎ የምመጣው እኔ ነኝ» ይላታል።

በእድራቸው አንድ ልማድ አለ። በወሩ መጨረሻ እሁድ ሲሰበሰቡ የሟችና የሐዘንተኛው ጉዳይ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ከመበተኑ በፊት፣ መልካም ነገር የገጠመው ተነስቶ ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹ ይመርቁታል። ደስታውን የደበቀ ሰው ደስታው አይከርምለትም ይላሉ። ስለዚህ ዱሬቲ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና፣ «የሰኚ አባት ቋሚ ሆኗል፣ ደመወዝተኛ ሆነናል፣ መርቁን» አለች። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ደበሳ ተነስተው መረቁ። ከሁሉ ጮክ ብሎ አሜን ያለው ዋቁማ ነበር፤ ጎረቤቷ ነው፣ ቀበሌ ውስጥ ጤና መድህን የሚመዘግበው እሱ ነው።

የካቲት ላይ ካርዷን ለማሳደስ ሄደች። ዋቁማ ካርዱን ተቀበላት፣ አየው፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቀና ብሎ አላያትም።

«አዴ ዱሬቲ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል፣ ሙዜን ለሰው ትቼ ነው የመጣሁት። አድስልኝና ልሂድ።»

«ኦቦ ኪቲላ ቋሚ ሆነዋል አይደል?»

«ሆነዋል እንጂ። አሜን ብለህልን የለም እንዴ?»

«እሱ ነው ችግሩ» አለ። «ይሄ መድህን የገበሬና የቀን ሠራተኛ ነው። የነጋዴም ነው። የቤቱ አባወራ ቋሚ ደመወዝተኛ ከሆነ በዚህ አይታቀፍም።»

«የደመወዝተኛው የት ነው ታዲያ? እዚያ ጻፈን።»

«የደመወዝተኛው ይመጣል ይባላል። ገና አልጀመረም።»

ዱሬቲ ካርዷን ከጠረጴዛው አነሳች።

«እስኪጀምር ድረስ ስኳሬን ምን ልበለው? ቆይ ልበለው?»

ዋቁማ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ገጠመ፣ እንደገና ከፈተ። «እንጃ፣ አዴ። ባልሰማ ጥሩ ነበር። ሰማሁ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ተነስተው ነግረውኝ፣ አልሰማሁም ብዬ ብጽፍ ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ዱሬቲን ያነቃት የሰው ወሬ አይደለም፣ የገዛ አፏ ነው። ከቀበሌው እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ሙዟ ጋ ስትደርስ አንድ ገዢ ዋጋ ጠየቃት፣ ካርዷን ዘረጋችለት። ሰውየው ደንግጦ ሄደ።

ማታ ልትነግረው ነበር። ኪቲላ ግን ኮፍያውን በመስኮቱ መስታወት እያየ ያስተካክላል። «ዛሬ አንድ የወረዳ ሰው ኦቦ ኪቲላ ብሎ ጠራኝ» አላት። ጆንያ ሲሸከም ስሙ «አንተ» ነበር። ዱሬቲ ነገሩን ዋጠችው። የሱ ደመወዝ እንደሁ ለሰኚ ትምህርት፣ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ገና ሳይመጣ ያለቀ ነው። ከሙዟ በምታገኘው ከግል መድኃኒት ቤት እየገዛች ልትሞክር አሰበች። አንዷን ብልቃጥ ገዛች። ሁለተኛዋን ለመግዛት አልቻለችም። ከዚያ የማታውን መውጋት ተወች፣ የጠዋቱንም ቀነሰች። ከመቅረት ይሻላል ብላ ነው። ማሰሮዋን በከፈተች ቁጥር የቀረውን በዓይኗ ትለካለች።

ውሃ ጠጥታ አትረካም። ሌሊቱን ስትወጣ ስትገባ ታድራለች። ቀሚሷ ሰፋት። መናኸሪያው ጋ አብረዋት የሚሸጡት ሴቶች ይስቁባታል።

«ደመወዝ ያከሳል እንዴ? እኛ ያወፍራል ሲባል ነው የሰማነው።»

«ለባሏ ጮማውን ትታለት ነው እንጂ።»

እሷም አብራ ትስቃለች። ኪቲላ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፤ ሚስቱ ትንፋሽዋ ሁሉ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። «አንቺ እኮ ራስሽ ሙዝ ሆንሽ» ይላታል። ቀኑን ሙሉ ፍራፍሬ ውስጥ የምትውል ሴት ሌላ ምን ልትሸት ነው።

አንድ ቀን ምሳ ይዛለት መሥሪያ ቤቱ መጣች። ኪቲላ ከሩቅ ሲያያት እግሯን እየጎተተች ነው። በሩ ጋ ስትደርስ «እንካ» ብላ ምሳውን ዘረጋችለት። እሱ ሳይቀበላት እሷ ወደቀች። ወጡ ካፖርቱ ላይ ተደፋ። ኪቲላ ስሟን ይጠራል፣ እሷ በረጅሙ ትተነፍሳለች እንጂ አትመልስም። በሩን ክፍት ጥሎ፣ እንደ ጥንቱ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጓት፣ ባጃጅ እስኪያገኝ ሮጠ።

ሆስፒታል ነርሷ ጎንበስ ብላ ትንፋሽዋን አሸተተችና ቀና አለች።

«ኢንሱሊን ካቆመች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ኧረ አላቆመችም። የሚሸተው ሙዝ ነው፣ ሙዝ ነው የምትሸጠው።»

«የሙዝ አይደለም፣ አባባ። ደሟ ነው እንዲህ የሚሸተው። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ በሕይወት ይዘዋት አይመጡም ነበር።»

ኪቲላ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ያ ሲስቅበት የከረመው ሽታ ሞት ኖሯል። አጠገቡ ተኝቶ ሲያሸተው ከርሟል።

ሁለተኛው ቀን ላይ ዓይኗን ገልጣ አወቀችው። «ካርዱ የት ነው ያለው? ክፈሉ እያሉኝ ነው» አላት። ያኔ ነገረችው። ስትጨርስ ኮፍያውን አወለቀ።

«የሰው በር ቆሜ ስጠብቅ የኔን ቤት ሌባ ገባበት በይኛ።»

«ሌባ አይደለም። ራሴ ነኝ የከፈትኩለት።»

«ነገ ሥራውን እለቃለሁ። ጆንያዬ አልጠፋም።»

«ብትለቅም ለዘንድሮ ምዝገባው ተዘግቷል፣ የሰኚ አባት። እስከሚቀጥለው ዓመት ደመወዙም የለም፣ መድህኑም የለም ማለት ነው።»

ከሆስፒታል ያወጣት ከዘመድ ተበድሮ ነው፣ የያዘችው መድኃኒትም ወር አይሞላትም።

በወሩ መጨረሻ እሁድ ከእድሩ ሄዱ። የሟች ጉዳይ አለቀ። ዱሬቲ አግዳሚውን ይዛ ተነሳች። ሰው ፈገግ አለ፤ እዚህ ሰዓት ላይ የሚነሳ ለምርቃት ነው።

«መሊ፣ ምንድን ነው ዱሬቲ? ምን ተገኘ?» አሉ ጋሼ ደበሳ።

ነገረቻቸው። ዋቁማ ራሱን ወደ ጉልበቱ ደፋ። ሌላው ሰው ፈገግታውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ገንዘብ ያዡ ጋሼ ፍስሐ፣ ገበያው ጋ የጫማ ሱቅ ያላቸው ሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዱሬቲ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ግን ደንባችንን ታውቂያለሽ። እድር ለሞተ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። እኔ ስሞት ለኪቲላ የምትሰጡት ገንዘብ አለ አይደል?»

«አለ እንጂ።»

«እሱን አሁን ስጡን። ስሞት አትስጡ።»

አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሌላዋ «ኧረ ሟርት ነው» አለች። ኪቲላ ሚስቱን ቀና ብሎ አያት፤ እንዲህ ትላለች ብሎ አላሰበም፣ ለሱም አልነገረችውም።

«ድንኳኑስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ግራ ቢገባው ነው።

«ድንኳኑን ትተክላላችሁ። ንፍሮም ትበላላችሁ። ብሩን ግን በልቼዋለሁ።»

አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው፣ ወዲያው ሁሉም በሳቃቸው አፈሩ።

«ይሄ ከተፈቀደ ነገ ሁላችንም በቁማችን እንቀበር ልንል ነው» አሉ ጋሼ ፍስሐ።

ጋሼ ደበሳ ዙሪያውን ተመለከቱ። «ጥሩ። ከመካከላችን ሰው ፊት ቆሞ የሞቴን ስጡኝ የሚል ሌላ ካለ ይነሳ።»

የተነሳ የለም። ጋሼ ደበሳ ሰዉ እስኪያፍር ጠበቁና «ይሰጣት» አሉ።

ጋሼ ፍስሐ ሳጥኑን ከፈቱ። የእድር ገንዘብ ለሟች አይሰጥም፣ ለሐዘንተኛው ነው የሚሰጠው፤ እጃቸውም አፋቸውም ሌላ አያውቁም። ስለዚህ «ኪቲላ» ብለው ተጣሩ። ኪቲላ በጥበቃ ካፖርቱ ወደ ፊት ወጣ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ጋሼ ፍስሐ ገንዘቡን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት። ካሉ በኋላ ነው የሰሙት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ኪቲላም ከለመደው አፉ «አሜን» አለ። እንባው ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ።

ሐዘንተኛ ሲጽናና ሰው ተቀምጦ አያይም፣ ልማድ ነው። ከፊት አንዱ ተነሳ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ቆመ። ተቀምጣ የቀረችው ዱሬቲ ብቻ ናት። ግራ ቀኟን አየች። ሁሉም ቆሟል፣ ማንም አያያትም፣ ሁሉም የሚያየው ባሏን ነው። ብቻዬን ተቀምጬ ብቀር ሰው ምን ይላል አለችና አግዳሚውን ይዛ ተነሳች። ለማን ሞት እንደተነሳች ያወቀችው ከቆመች በኋላ ነው።