ሂርና ሳንደርስ የቆመችው መኪና

ስልኩን ይዛ የምትጽፈው የልጄ ልጅ ሂክማ ናት። ቃሉ የኔ ነው፤ እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ዛሬ ባለቤቴ ዘሃራ ፊቷን ሳታይ፣ እህቷ ሂርና ከተማ ተቀበረች።

ዘሃራ ወገቧ ስለተሰበረ መቀመጥ አትችልም። ሚኒባሴ ውስጥ አልጋ ያስበየድኩት ለሷ ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ በመንገድ ላይ ድንገት ኤሌክትሪኳ ይጠፋል። ጋራዥ ስትገባ ግን ጤነኛ ናት፤ ሐኪም ሲያይ ትኩሳቱ እንደሚለቀው ልጅ!

ጠዋት መርዶውን ሰምተን ከጭሮ ወጣን። አቀበቱ ላይ ሞተሩም መብራቱም ጠፋ።

«አንተ ሰውዬ፣ በቃሬዛም ቢሆን አድርሰኝ!» አለችኝ።

ደውዬ ያስመጣሁት መካኒክ ሽቦውን ሁሉ ሲነቀንቅ ቆየ። «አባባ፣ አልጋውን ሲበይዱ የባትሪውን ማሳ፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ፈትተው፣ መልሰው ቀለም ላይ ነው ያሰሩት። ገመዱ ብረቱን በደንብ አልነካም» አለኝ። ቀለሙን ፋቀው፤ ወዲያው ተነሳች።

ስንደርስ ሰው ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። አልወቅሳቸውም፤ እኛ ዘንድ ጀናዛ ሳይቀበር አይቆይም።

ላወርዳት እጄን ዘረጋሁ። «ማንን ለማየት ልውረድ?» አለችኝ። ይዣት ተመለስኩ።

እናንተስ፣ መኪና ከቀብር ያስቀራችሁ አላችሁ? ንገሩኝ። «አይዞህ» ብቻ አትበሉኝ።

በይ ሂክማ፣ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ አያትሽን ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳት።