ወልድያ የወሰድሁት ሞተር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ሽንኩርት ገዢ አጥቶ ማሳ ላይ የበሰበሰበት ዓመት ይመስለኛል።

እኔ መርሳ ላይ የመስኖ ውሃ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ልጄ ወልድያ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል ትማር ነበር፤ ስንቋን እኔ አደርስላታለሁ። የተፈጥሮ ሳይንስ ብትመርጥልኝ ነበር ምኞቴ። እኔ በጆሮዬ ብቻ የማውቀውን እሷ በስሌት ታውቀዋለች ብዬ።

የፊዚክስ መምህሯ የአባቱን ሞተር ስለሠራሁ ያውቀኛል፤ ልጄ መሆኗን ግን አያውቅም። «ተማሪዎቼ ሳይንስ ምን ያደርጋል እያሉ አስቸገሩኝ፤ እስቲ መጥተው ያሳዩልኝ» አለኝ። አንድ ትንሽ ሞተር ሚኒባስ ላይ አስጭኜ፣ ስንቋንም ይዤ ሄድሁ። ለእሷ አልነገርኋትም፤ ስታየኝ ደስ ይላታል ብዬ።

ተማሪዎቹን ደጅ ዛፍ ሥር ሰበሰበልኝና ሞተሩን አስነሣሁት። ሞተር ሲታመም የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የማዳምጠው። እንዲያ ጎንበስ ስል፣

«ዝም በሉ፣ ንስሐ እየተቀበሉት ነው!» አለ አንዱ።

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ሞተሩን አጠፋሁ።

«ጋሼ፣ ኢንጂነር ነዎት?»

«አይ ልጄ፣ አራተኛ ክፍል ነኝ።»

«ምንም አልቀረብዎት! የኛ ሰፈር ኢንጂነር ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ እሱም የሰው!»

«እኔስ እንደሳቸው በግራሶ ከማረጅ ሞባይል ብሸጥ ይሻለኛል» አለች ሌላዋ።

መምህሩ ተቆጣ፤ ማን ሰምቶት።

ልጄ ከኋላ ቆማለች። አብራት የምትኖረው ልጅ ጮክ ብላ፣ «እንዴ፣ ስንቅ የሚያመጡልሽ አይደሉም? አባትሽ መስለውኝ!» አለቻት።

«ኧረ ባክሽ! ጎረቤታችን ናቸው። መንገድ ሲሆንላቸው ነው የሚያደርሱልኝ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እሷም አየችኝ።

«አዎ፣ ጎረቤት ነን» አልሁ።

ሞተሩን እንደገና ላስነሣ ብል የማስነሻ ገመዱን መሳብ አቃተኝ። ያኔማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ስንቁን ይዤ በር ላይ ጠበቅኋት። አልመጣችም። ደጁን ስትጠርግ ሁሉን የሰማች የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን አስቀምጣ ሞተሩን ባንድ ወገን አነሣችልኝ።

«የኔም ልጅ እነሱ መሀል አለች ጋሼ» አለችኝ። «በአጠገቧ ሳልፍ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ትጀምራለች። እቤት ስትመጣ ራቷን አቀርብላታለሁ፤ አልጠይቃትም።»

ስንቁንም ተቀብላኝ ለልጄ አደረሰችላት።

ቅዳሜ ልጄ መርሳ መጣች። «አባዬ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ብላ ቅጽ ዘረጋችልኝ። ማኅበራዊ ሳይንስ ይላል፤ ከሥሩ የወላጅ ፊርማ። የጎረቤት ፊርማ አይበቃም ወይ ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁትና ፈረምሁ። እንድውጠው የረዳችኝ ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ናት።